ትንፋሽና አገባብ፤ ኮማ በረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ

በእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ ለኮማ የሚሰጠው ጊዜ እጅግ አነስተኛ ነው። መምህሩ የግሥ ጊዜያትን ለማስተማር ሳምንታት ይወስዳል፤ ወደ መስተዋድድም ደጋግሞ ይመለሳል፤ ሥርዓተ ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ በማይሞላ ማብራሪያ ያልፋል። የማብራሪያውም ፍሬ ነገር ብዙውን ጊዜ «አንባቢ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ኮማ ይደረጋል» የሚል ነው። ደንቡ አጭር ስለ ሆነ ተማሪው ቶሎ ይይዘዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር እስከ ሆነ ድረስም እምብዛም አያሳስተውም። ችግሩ የሚገለጠው ተማሪው ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ታሪኩንም፣ ሥነ ሕይወቱንም፣ ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ሲጀምር፣ ከዚያም አልፎ ሥራ ይዞ ዘገባ ማዘጋጀት ሲኖርበት ነው። በዚያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ሦስትና አራት መሥመር ይሆናል፤ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚወሰድም እያንዳንዱ አንባቢ የየራሱን አስተያየት ይይዛል።

ይህ ትችት ደንቡን የሚመረምረው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ከሚገኙት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተማሪዎች አንጻር ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። ጋይንት የንባብና የዜማ አገር ነው። የድጓ ምስክር ቤት የሆነው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነው ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚያ ይገኛሉ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት የዚያ አገር ልጅ በንባብ ቤት ተቀምጦ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ እየተሻገረ፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ እየለየ፣ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ ይማር ነበር። ወደ ድጓ ያለፈው ደግሞ ከቃላቱ በላይ የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች ያጠናል፤ ከእነርሱም አንዱ «ቁርጥ» ይባላል። ስለዚህ «ትንፋሽህ በሚያርፍበት ቁረጥ» የሚለው የእንግሊዝኛ መምህር ምክር ለዚህ አገር ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ከአያቱ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ስለ ሆነ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ የትንፋሹ ደንብ መሠረት የሌለው አይደለም። ኮማ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ተቆርጦ የተለየ ቁራጭ» ማለት ነው፤ ከዜማው ቁርጥ ጋር ያለው የሐሳብ ዝምድና ለመምህሩ ጥሩ መነሻ ሊሆነው ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ አሪስቶፋኒስ ዘቢዛንጥዮስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚያነብ ሰው የዕረፍት ቦታዎችን የሚያመለክቱ ነጥቦችን እንዳወጣ ይነገራል። የዛሬው የኮማ ቅርጽ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቬኒስ ከተማ በአልዱስ ማኑቲየስ ማተሚያ ቤት መልክ ያዘ። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች በዛሬው ዓይን ሲታዩ ኮማ ያበዙ ነበር፤ ረዘም ያለ ባለቤትን ከማሰሪያ አንቀጹ በኮማ መለየትም በእነርሱ ዘንድ እንደ ስሕተት አይቆጠርም ነበር። በድምፅ ሳይሆን በዓይን ማንበብ እየተለመደ ሲሄድ ግን ምልክቱ ድምፅን ከማሳረፍ ይልቅ የዐረፍተ ነገርን አሠራር ወደ ማሳየት ተላለፈ። የመማሪያ ክፍሉ ደንብ ይህን ለውጥ ሳይከተል ቀርቷል።

የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ግን እስከ ዛሬ ለጆሮ ቅርብ ነው። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ዋናዎቹ ምልክቶች ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብና ሐሳብን የሚዘጋው አራት ነጥብ ነበሩ፤ የነጠላና የድርብ ሰረዝ አጠቃቀም እየሰፋና እየተደነገገ የመጣው ከኅትመት ጋር ነው። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ ከሁሉ በኋላ ስለሚመጣ ጸሐፊው አንባቢውን በየመንገዱ ማሳረፍ ይኖርበታል። ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ለዚህ ምሳሌ ነው፦

«ከአርብ ገበያ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ወገዳ የተጓዙት አዲስ መምህራን፣ ሁለት ቀን ዘግይተው ደረሱ።»

በዚህ ላይ የሚነቅፍ አማርኛ አንባቢ አይገኝም። ባለቤቱ ረዥም ነው፤ ከእርሱ በኋላ ጥቂት ማረፍ ይገባል። ተማሪው ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ነጠላ ሰረዙን እንዳለ ይዞት ይሄዳል፤ «መምህራን» የሚለውን ረዥም ባለቤት ከ«ደረሱ» በአንድ ኮማ ይለየዋል። ትንፋሹ ትክክል ነው፤ እንግሊዛዊም ቢሆን ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ በዚያ ቦታ ያርፍ ይሆናል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ጎን ለጎን የሚቆሙ በመሆናቸው፣ በመካከላቸው ብቻውን የሚገባ ኮማ ሁለቱን ያፋታቸዋል። ተማሪው ደንቡን በታማኝነት ስለ ጠበቀ ተሳሳተ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመነጨው ከቦዝ አንቀጽ ነው። አማርኛ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ጽፎ፣ ተመለሰ» በማለት አራት ድርጊቶችን በአንድ ማሰሪያ ይቋጥራል፤ በየመካከላቸውም ነጠላ ሰረዝ ይገባል። እንግሊዝኛ ለቦዝ አንቀጽ ትክክለኛ አቻ ስለሌለው ተማሪው ሁሉንም ወደ ሙሉ አንቀጽ ይለውጣቸዋል፤ ሰረዞቹን ግን አይለውጥም። ከዚህም የተነሣ ራሳቸውን የቻሉ ሦስትና አራት ዐረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ ተጣብቀው ይገኛሉ። እርማቱ ከአማርኛው ራሱ ሊወሰድ ይችላል፤ አማርኛ ሁለት የተፈጸሙ ሐሳቦችን ሲያጎራብት ድርብ ሰረዝ ያስገባል። ተማሪው ይህን ካወቀ፣ በአማርኛ ድርብ ሰረዝ በሚገባበት ቦታ የእንግሊዝኛ ኮማ ያለ አያያዥ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ለማስረዳት ብዙ ድካም አይጠይቅም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል። የጥንቱ ትምህርት ንባብና ዜማ ብቻ አልነበረም። ከንባብ ቤት ቀጥሎ ቅኔ ቤት አለ፤ በዚያም ተማሪው ሰዋስው ይማራል። ባለቤቱን ከተሳቢው፣ ቅጽሉን ከዘርፉ ይለያል፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ አገባብ እያለ እያንዳንዱ ቃል የሚሠራውን ሙያ ይጠየቃል፤ ከሁሉም በላይ ማሰሪያ አንቀጹ የቱ እንደ ሆነ ሳያመለክት አይቀመጥም። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንድን ቃል ይዞ ወዲያ ነው ወይስ ወዲህ የሚያያዘው እያለ ያከራክራል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ቁጥር 3 ላይ «በምድረ በዳ» የሚለው ሐረግ ለዚህ የታወቀ አብነት ነው፤ በዕብራይስጡ የንባብ ምልክቶች መሠረት ሐረጉ ከመንገዱ መጠረግ ጋር ሲያያዝ፣ በወንጌል ደግሞ ከሚጮኸው ድምፅ ጋር ይያያዛል። ይህ ጥያቄ የትንፋሽ አይደለም፤ የአገባብ ጥያቄ ነው። የእንግሊዝኛው ኮማም ዛሬ የሚመልሰው ይህን የመሰለውን ጥያቄ ነው። እንግዲህ የዚህ ትችት ዋና ነጥብ፣ ኮማ በንባብ ቤት መንገድ ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ወደ ቅኔ ቤቱ መንገድ መመለስ ይገባዋል የሚል ነው።

የአገባቡ መንገድ የትንፋሹ መንገድ ሊደርስበት የማይችለውን የሚያሳየው በገላጭ ሐረግ ላይ ነው። ለአብነት ያህል አንድ ባለሙያ ይህን ጽፎ እንደ ሆነ ይታሰብ፦

«በድርቅ የተጎዱት የስማዳ ቀበሌዎች የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል።»

ስንት ቀበሌዎች ናቸው? ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። አንደኛው፣ ከስማዳ ቀበሌዎች መካከል በድርቅ የተጎዱት ብቻ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለተኛው፣ የስማዳ ቀበሌዎች ሁሉም በድርቅ ተጎድተዋል፤ ሁሉም እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። በአማርኛ ገላጩ ከተገላጩ በፊት ስለሚመጣ፣ ነጠላ ሰረዝ በየትኛውም ቦታ ቢጨመር ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ጸሐፊው «ብቻ» ወይም «ሁሉም» የሚል ቃል መጨመር ይኖርበታል። በእንግሊዝኛ ግን ተገላጩ ቀድሞ ገላጩ ይከተላል፤ ልዩነቱም በኮማ ይታወቃል። ገላጭ ሐረጉ ከፊትና ከኋላ በሁለት ኮማ ከታጠረ ሁሉም ቀበሌዎች ማለት ነው፤ ያለ ኮማ ከተጻፈ የተጎዱት ብቻ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በሁለቱ ኮማዎች የሚወሰነው የስንዴው መጠን ነው።

ነገሩ ከመማሪያ ክፍል የራቀ እንዳይመስል አካባቢውን ማስታወስ ይበቃል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት የሚደጋገምባቸው ወረዳዎች በመሆናቸው፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ተካተዋል። እንዲህ ባለው ሥራ ከቀበሌና ከወረዳ በአማርኛ የሚነሣ መረጃ፣ ገንዘብ ሰጪዎቹ ዘንድ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ነው። መላሹ ባለሙያ በአማርኛው ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ጥርጥር በእንግሊዝኛው ውስጥ ደብቆ ሊያሳልፈው አይችልም፤ ኮማ ቢያስገባም ቢያስቀርም አንዱን ትርጉም መርጧል። ሳያውቅ የመረጠ እንደ ሆነ ደግሞ ስሕተቱን የሚያይለት የለም፤ ዐረፍተ ነገሩ በሁለቱም መልኩ በሰዋስው ትክክል ነውና። መምህራን ለዚህ ክፍል ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ለተማሪው የሚሰጠው መፈተኛ ቀላል ነው፤ ገላጩን አውጥቶ የቀረውን መመልከት። «ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ በጋይንት ያልፋል» ከሚለው ውስጥ «ቻይናውያን የሠሩት» ቢወጣ ስለ የትኛው መንገድ እንደሚነገር ግልጽ ሆኖ ይቀራል፤ የወረታ ወልድያ መንገድ አንድ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ኮማ ይፈልጋል። «መንገድ የደረሰባቸው ቀበሌዎች መድኃኒት በቶሎ ያገኛሉ» ከሚለው ውስጥ ግን ገላጩ ቢወጣ ቀበሌዎች ሁሉ መድኃኒት በቶሎ ያገኛሉ የሚል ሐሰት ይቀራል፤ ስለዚህ ኮማ አይገባም። ጉና ተራራ፣ የበሽሎ ወንዝ፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እነዚህን የመሰሉ በስማቸው ብቻ ተለይተው የሚታወቁ ነገሮች ገላጫቸውን በኮማ ያሳጥራሉ። ተማሪው የሚያውቀውን ስም ይዞ ሲሠራ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ያላየውን የለንደንን ወንዝ ይዞ ሲሠራ ግን ስሙ ራሱ ችግር ይሆንበታል። በዚሁ አጋጣሚ መታረም ያለበት ሌላ ልማድ አለ፤ የመጀመሪያውን ኮማ አስገብቶ ሁለተኛውን መርሳት። አጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ሲቆም ያ ብቸኛ ኮማ ተመልሶ ባለቤቱን ከማሰሪያ አንቀጹ የሚለይ ይሆናል።

ምክንያት ገላጭ ሐረግ እምብዛም አያስቸግርም። አማርኛ «ስለ» ያለበትን ሐረግ አስቀድሞ ነጠላ ሰረዝ ያስከትላል፤ እንግሊዝኛም ምክንያቱ ሲቀድም ኮማ ያስገባል፤ እዚህ ላይ የአገሩ ልማድ ተማሪውን ይረዳዋል። ምክንያቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አይገባም። ከዚህ ደንብ የሚወጣው ማሰሪያ አንቀጹ አሉታ ሲሆን ነው። «መምህሩ ቤተሰቡ እስቴ ስለ ሆነ ሥራውን አልለቀቀም» እና «መምህሩ ሥራውን የለቀቀው ቤተሰቡ እስቴ ስለ ሆነ አይደለም» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአማርኛ ፈጽሞ አይገናኙም፤ በአንደኛው መምህሩ በሥራው ላይ አለ፣ በሁለተኛው ሄዷል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃላት፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ፤ ከምክንያቱ በፊት ኮማ ካለ መምህሩ አለ፤ ከሌለ ሄዷል ተብሎ ሊነበብ ይችላል። አማርኛ በቃል አሰላለፍ የሚሠራውን እንግሊዝኛ በአንዲት ጭረት ይሠራዋል።

ዝርዝርን በሚመለከት፣ አማርኛ «ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ» ሲል «ና»ን ከስማዳ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ፣ ከእርሱ በፊት ሰረዝ ለማስገባት ቦታ የለም። ዛሬ «እና»ን ለብቻ የመጻፍ ልማድ እየሰፋ መጥቷል፤ የእንግሊዝኛ ተጽዕኖ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ለማናቸውም ያጠረው የቀድሞው ያምራል። በእንግሊዝኛ ከመጨረሻው አያያዥ ቃል በፊት ኮማ ማስገባትና አለማስገባት ጸሐፊዎችን ከሁለት የከፈለ ጉዳይ ነው፤ አሜሪካውያን አሳታሚዎች ብዙዎቹ ያስገባሉ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች ብዙዎቹ ይተዋሉ። መምህሩ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ቢጸና ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከንቱ ክርክር አለመሆኑን ለማሳየት የአንድ ፍርድ ቤት ነገር ይጠቅማል። በአሜሪካ በሜይን ክፍለ ግዛት የኦክኸርስት የወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባናል ብለው ከሰሱ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር፣ በመጨረሻ ለመጫን ወይም ለማከፋፈል ስለሚደረግ ማሸግ ይናገራል፤ ከ«ወይም» በፊት ግን ኮማ አልነበረም። ድርጅቱ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ተዘርዝሯል ሲል፣ ሾፌሮቹ ደግሞ የተዘረዘረው ማሸጉ ብቻ ነው፤ እኛ አናሽግም፣ እናከፋፍላለን አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ሕጉ አጠራጣሪ መሆኑን ገልጾ ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል በስምምነት ጉዳዩ አለቀ። ሾፌሮቹም ዳኞቹም የተከራከሩት አንድ ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ነበር፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ ቢሰማው የሚያውቀው ክርክር ነው።

በትንፋሹ ደንብ ላይ የቀረበው ነቀፋ ወደ ሌላው ጽንፍ ሊወስድ አይገባም። ሃያና ሠላሳ የኮማ ደንቦችን በሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚያስገለብጥ መምህርም ከዚህ የተሻለ ውጤት አያገኝም፤ ተማሪው የትኛው ደንብ የት እንደሚያገለግል ሳያውቅ በፍርሃት በየቃሉ ሥር ኮማ ይበትናል። ይህም ሆኖ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮማ ሳይሆን የርዝመት ነው። አማርኛ ርዝመትን ይወዳል፤ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ መጥቶ የተበተነውን ሁሉ ስለሚሰበስብለት ርዝመቱ አይከብደውም። እንግሊዝኛ ማሰሪያውን አስቀድሞ ስለሚሰጥ ከዚያ በኋላ የሚከማቸው ሁሉ ያለ ሰብሳቢ ይቀራል። ኮማው የት ይግባ እያለ የሚጨነቅ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ቦታ ከፍሎ በነጥብ ቢዘጋው፣ ስለ ፍርሃቱ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።

የፈተናው ሥርዓትም ከወቀሳው አያመልጥም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች ከምርጫዎች አንዱን የሚያስመርጡ ናቸው፤ ተማሪው በትክክል የተነጠበውን ዐረፍተ ነገር ለይቶ እንዲያመለክት ይጠየቅ ይሆናል፤ ራሱ ረዥም ዐረፍተ ነገር ሠርቶ እንዲነጥብ ግን አይጠየቅም። መምህሩ የማይፈተነውን አላስተማረም ተብሎ ብቻውን ሊወቀስ አይችልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ባደረገ ጊዜ፣ ልጁ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ድልድይ የመሥራት ኃላፊነት በዘጠነኛ ክፍል መምህራን ትከሻ ላይ ወደቀ። ድልድዩን ሊሠሩ የሚችሉት ግን ሁለት ናቸው፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው መምህር። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች የዘጠነኛ ክፍልን የአማርኛ ሰዋስው ትምህርትና የእንግሊዝኛውን የሥርዓተ ነጥብ ትምህርት በአንድ ወቅት እንዲውሉ ቢያደርጉ፣ «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚለው ስም በሁለቱም ክፍለ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መጽሐፍ ወይም አዲስ በጀት ሳይሆን የምዕራፎች ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው።

ለመጀመሪያው ትምህርት የሚሆነውን መልመጃ መምህሩ በራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። ከታሪክ ወይም ከጂኦግራፊ መጽሐፍ አንድ ረዥም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ወስዶ ኮማዎቹን በሙሉ አውጥቶ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪዎቹ በቅድሚያ ኮማ እንዲያስገቡ አይጠየቁም። በመጀመሪያ ማሰሪያ አንቀጹን በአንድ መሥመር፣ ባለቤቱን በሁለት መሥመር ያሰምሩበታል፤ በሁለቱ መካከል የገባ ሐረግ ካለ ቢወጣ ምን እንደሚቀር በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ከባለቤቱ በፊት የመጣውን ለይተው በቅንፍ ያስቀምጣሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ አያነብም። ኮማዎቹ ከገቡ በኋላ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ያንብበው፤ ድምፁ ያረፈባቸው ቦታዎችና ኮማዎቹ የተለያዩባቸውን መቁጠር የቀሪዎቹ ተማሪዎች ሥራ ይሆናል።